ማን ቆፈረ፣ ማን ገባ

ጋሽ አደሎ ሲቀበሩ ቄሶቹ በጉድጓዱ ራስጌ በኩል ቆመው ነበር። ልጃቸው ምሕረት ነጠላዋን ዘቅዝቃ በግርጌ በኩል ነበረች፤ ሁለት የአክስቷ ልጆች ግራና ቀኝ ክንዷን ይዘዋታል። የእድሩ ዳኛ አቶ ታፈሰ አካፋና ዶማው ከተደገፈበት ጽድ ሥር ቆመዋል፤ ሰባ አምስት ዓመት ቢሞላቸውም ማን አካፋ እንደሚይዝ፣ ማን እንደሚያርፍ የሚያዙት አሁንም እሳቸው ናቸው። የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች፣ አብዛኞቹ ጋሽ አደሎን በዓይን እንኳ የማያውቁ ወጣቶች፣ አጥሩ አጠገብ ጃንጥላ ተጋርተው ነበር። እኔ ከሁሉም ኋላ ነበርኩ። የቆምኩት ባለቤቴ መቃብር አጠገብ ነው፤ ከዚያ እስከ ጋሽ አደሎ ጉድጓድ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ቦታውን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ሰው ሲበዛ እየተገፋሁ እዚያ ደረስኩ።

መሞታቸውን የሰማሁት በዋዜማው ከሰዓት፣ በእድሩ ጡሩምባ ነው። ጡሩምባ ነፊው ስማቸውን ሁለት ጊዜ ጠርቶ ወደ ገበያው ወረደ። ተቀምጬ ነበር፣ ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ቀብሩ ድረስ ደህና አድርጌ የተቀመጥኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ቁም ሣጥን ከፍቼ ዘጋሁ፤ የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጠብኩ። እስከ በሩ ድረስ ሄጄ ምን ልወስድ እንደወጣሁ ረስቼ ተመለስኩ። ስለ እኚህ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልናገረው የሚገባኝ አንድ ነገር ነበረኝ። ሳልናገረው ሞቱ።

ከሃያ ዓመት በላይ አንድ መሥሪያ ቤት ሠርተናል፣ እዚሁ ቦንጋ። እሳቸው የዱር እንስሳት ባለሙያ ነበሩ፣ እኔ ታይፒስት። ኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ተባልኩ እንጂ ሥራዬ አልተለወጠም፤ የእሳቸውን ሪፖርት የምጽፈው እኔ ነኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። መሬት ሲያዩ ስለኖሩ ሰው ሲያናግሩም መጀመሪያ የሚያዩት ጫማውን ነው። አንድ ጠዋት ገና ከበሩ ስገባ፣ ዛሬ በገበያ በኩል ዞረው ነው የመጡት አሉኝ። ከጭቃው ቀለም ነው ያወቁት። ሌሎቹ በዚህ ልማዳቸው ይስቁባቸው ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር እሳቸው ሲመጡ ሲያይ እግሩን ከጠረጴዛ ሥር ይደብቅ ነበር።

ቤታቸው የሚናገሩት ካፊኖኖ ነው። አማርኛውን የተማሩት ትምህርት ቤት ስለሆነ አረፍተ ነገራቸው አጭር ነበር፤ የጀመሩትን ሳይጨርሱ አያቆሙም፣ ከጨረሱ በኋላም አይጨምሩም። ከእኔ በሰባት ዓመት ይበልጣሉ። እስከ መጨረሻው ግን አንቱ ነው ያሉኝ።

ያን ጊዜ ከየቀበሌው አቤቱታ ይመጣል። አውሬ ጥጃ ወሰደ፣ እንሰት ነቀለ፣ በቆሎ ጨረሰ ይባላል። ጋሽ አደሎ ሄደው ያያሉ፣ ተመልሰው ፎርም ይሞላሉ፣ እኔ እጽፈዋለሁ። ፎርሙ ላይ "አጥፊው አውሬ" የሚል ዓምድ አለ። ሌሎች ባለሙያዎች እዚያ ላይ አንድ ስም አያጡም። ጋሽ አደሎ ግን ኮቴ ካላገኙ "አላየሁም" ብለው ይጽፋሉ። በሥራ ዘመኔ ከማንም ቃል በላይ የጻፍኩት ይህን ቃል ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ጊዜ ከሺሺንዳ የጥጃ አቤቱታ መጣ። ጋሽ አደሎ ሄደው፣ አይተው፣ እንደ ልማዳቸው "አላየሁም" ብለው መለሱ። የቡድን መሪያችን ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ ትሑት ልጅ ነበር፤ ሪፖርቱ አርብ መድረስ አለበት። ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ ለመናቸው።

"ጋሽ አደሎ፣ ጅብ ይበሉና እንገላገል። ጥጃ የሚወስድ ሌላ ምን አለ?"

"ሰውም ይወስዳል" አሉ።

ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። በማግስቱ በገዛ ራሳቸው በሚኒባስ ሺሺንዳ ተመለሱ፣ ሁለት ቀን ቆዩ። ጥጃው በሳምንቱ በሌላ ቀበሌ ተገኘ፣ ከነሕይወቱ። የቡድን መሪው ከዚያ ወዲያ ቸኩሎም ቢሆን ጋሽ አደሎን አላቻኮለም።

ብዙ ጊዜ የጻፍኩላቸው ሌላው ነገር አንድ ሰንጠረዥ ነው። ለገበሬዎች ሥልጠና ይወስዱት ነበር። በቀኙ ዓምድ ጅብ፣ በግራው አዋልዲጌሳ። ለምን ሁለቱን እንዳነጻጸሩ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ግራ ነው፤ የሚመሳሰሉበት ነገር የለም። ጅብ በጫካውም በከተማው ጫፍም ይኖራል፣ ድምፁን ሁሉም ያውቀዋል። አዋልዲጌሳን ግን በቦንጋ ዙሪያ ዕድሜውን ሙሉ ኖሮ አንድ ቀን ያላያት ሰው ብዙ ነው። ጆሮዋ እንደ አህያ፣ አፍንጫዋ እንደ አሳማ ነው፤ ምስጥና ጉንዳን እየላሰች ትኖራለች። ጋሽ አደሎ ጅብን ሁልጊዜ "እሱ"፣ አዋልዲጌሳን ሁልጊዜ "እሷ" ይሉ ነበር። እሱ ውሻ ቢመስልም ለድመት ይቀርባል አሉን አንድ ቀን። የእሷስ ዘመድ ማን ነው ብሎ ሹፌሩ ጠየቃቸው። ዘመድ የላትም አሉ፤ ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ ለዝሆን ትቀርባለች ይባላል።

"ዝሆን የመሰለ ዘመድ እያላት ምስጥ ትበላለች?" አለ ሹፌሩ።

የሚያገናኛቸው ሕዝቡ ነው። መቃብር ተቆፍሮ ሲገኝ፣ እኛ ዘንድ የሚነሣው ስም የእሷ ነው። ሬሳ አውጥታ ትበላለች ይባላል። ከጅማ በኩል የመጣ ባልደረባችን እንዲያውም ስሟ ራሱ በኦሮምኛ መቃብር አፍራሽ ማለት ነው ብሎ ተከራከራቸው። ጋሽ አደሎም፣ ስሙን ያወጣላት ሰው ጉድጓዱን ያየው ጠዋት ነው አሉ። ማን እንደቆፈረ አላየም። ማን እንደገባም አላየም።

ይህን አነጋገር ደጋግመው ይሉት ነበር። አዋልዲጌሳ ምስጥ ፍለጋ ትቆፍራለች፣ ትጠግባለች፣ ትታው ትሄዳለች። በተዘጋጀ ጉድጓድ ጃርትም ይገባል፣ ጅብም ይገባል። ጥርሷ ሥጋ መቁረጥ አይችልም፤ ከፊት ጥርስም የላትም። ጅብ ግን አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ ጉድጓድ ያየ ሰው ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት፤ ማን ቆፈረ፣ ከዚያ ማን ገባ። ሁለቱ አንድ ጥያቄ አይደሉም ይላሉ፣ ሁለት ጣታቸውን አውጥተው። ሰንጠረዡም ለዚሁ ነበር። እሷ ስትቆፍር አፈሩን ወደ ኋላዋ ትከምራለች፣ ጅራቷም መሬት ላይ መስመር ጥሎ ያልፋል። የጅብ ኮቴ አራት ጣት ነው፣ የፊቱ ከኋላው ይበልጣል። ሳላየው ብጠየቅ ዛሬም ሰንጠረዡን በቃሌ እሞላዋለሁ።

ያ ነገር የሆነው ባለቤቴ በሞተ በሃምሳኛው ቀን አካባቢ ነው።

የሞተው በክረምት መግቢያ ነበር። በእኛ እድር ሰው ሲቀበር በዚያው ቀን መቃብሩ ላይ ድንጋይ ይጫናል፤ ሐውልት የሚሠራው ክረምቱ ወጥቶ አፈሩ ሲረጋ ነው። ያን ጊዜ ግን ድንጋይ የሚመጣበት የወንዙ መንገድ ጭቃ ሆኖ መኪና አላወርድ አለ። አቶ ታፈሰ ለጊዜው እሾህ ይደረግበት፣ ዝናቡ ሲያባራ ድንጋዩን በሳምንት ውስጥ እናደርሳለን አሉ። እሾህ ተደረገ። ሳምንቱ አለፈ፣ አርባውም ወጣ። እኔም አልጠየቅኩም። ሰው ማስቸገር አልወድም።

ጠዋት፣ ገና ቢሮ ሳልገባ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ስልክ ደወለልኝ። እትዬ አስካለ፣ ቢመጡ ጥሩ ነው አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ስደርስ ብቻውን ነበር፤ ቄሱን ልጥራ ብሎ ሄደ። ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ እዚያ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

እሾሁ ወደ ጎን ተገፍቷል። በግርጌ በኩል ጉድጓድ ነበር፣ አንድ ሰው እስከ ትከሻው የሚያስገባ። አፈሩ ወደ ኋላ ተከምሯል፤ ከክምሩ ወዲያ የጅራት መስመር ይታያል። የሰንጠረዡ ግራ ዓምድ እንዳለ እዚያ ነበር። እሷ ናት አልኩ በልቤ፣ ትንሽም ተነፈስኩ። ከዚያ በተከመረው አፈር ላይ ኮቴ አየሁ። አራት ጣት፤ የፊቱ ትልቅ፣ የኋላው ትንሽ። በአፈሩ ላይ ያረፈ ኮቴ ነው፣ ማለት አፈሩ ከተጣለ በኋላ የመጣ ነው። ቀና ስል አጥሩ ሥር አንድ ነጭ ቁራጭ ጨርቅ እሾህ ይዞት ነበር። የተገነዘበት አቡጀዲ ነው። ከገበያ የገዛሁት እኔ ነኝ።

ሰዎቹ ሲመጡ ሰማሁ። ኮቴው ላይ ቆምኩ።

ለምን እንደሆነ ዛሬም በትክክል መናገር አልችልም። ኮቴውን ያላየ ሰው አይጠይቅም፣ ካልጠየቀም አይከፍትም ብዬ ይሆናል። ቄሱ በራስጌ በኩል ቆሙ፣ አቶ ታፈሰ ከሁለት የእድር ሰዎች ጋር በግራ፣ ዘበኛው ከኋላቸው። ቄሱ በጎ ሰው ናቸው፤ የተናገሩትም ትክክል ነበር። አውሬ ነክቶት ከሆነ ወጥቶ መታየት፣ እንደገና ተገንዞ ፍትሐት ሊደረግለት ይገባል አሉ። ልጆቹም ይጠሩ አሉ። ሁለቱ ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ ከመጡ ያያሉ። እኔም አያለሁ። አቶ ታፈሰ ጋሽ አደሎ ይጠሩና ይፍረዱ አሉ፤ ነካው ካሉ እንከፍታለን፣ አልነካውም ካሉ እንዘጋለን። የእሳቸውን ቃል ማንም የማይጠራጠርበት ጊዜ ነበር።

በባጃጅ አመጧቸው። መጡና እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ጫማዬን አዩ። ጫማዬ ጠባብ ነው። የጅብ ኮቴ ሁሉ ከሥሩ አይሸፈንም። ከዚያ ፊቴን አዩ፤ እኔም አየኋቸው። በደረታቸው ተኝተው በባትሪ ወደ ጉድጓዱ ውስጥ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ሲነሡ ኮታቸው እስከ አንገታቸው ጭቃ ነበር።

"የቆፈረችው አዋልዲጌሳ ናት" አሉ። "ምስጥ ፈልጋ ነው። እሷ ሥጋ አትበላም።"

አቶ ታፈሰ፣ ትበላ አትበላ የሚለውን እንኳ ለእኛ ይተዉልን አሉ።

"ሳጥኑስ?" አሉ ቄሱ።

"አይከፈት። እኔ አይቻለሁ።"

ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅኩ። ሁለት ጣት አውጥተው ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። አንዱን መለሱ፣ ሁለተኛውን አላነሡም። ሌሎቹ ሁለት ጥያቄ መኖሩንም አያውቁም፤ እዚያ ከቆምነው ሰዎች ሰንጠረዡን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የተናገሩት ለእኔ ነው። ያልተናገሩትም ለእኔ ነው።

አካፋ እስኪያነሡ ድረስ ጋሽ አደሎ ወደ አጥሩ ሄደው ተመለሱ። ተንበረከኩና እጃቸውን እስከ ትከሻቸው ጉድጓዱ ውስጥ አስገቡ፣ ባዶውን አወጡት። ሌሎቹ ጥልቀቱን የለኩ መሰላቸው። አጥሩን ሳይ እሾሁ ላይ ጨርቁ አልነበረም።

አፈር ተመለሰ፣ ድንጋይም በሰው ትከሻ በዚያኑ ቀን ተጫነ። እኔም ወደ ቢሮ ሄድኩ።

ከሰዓት ወደ ቤቴ ስመለስ የባጃጅ ማቆሚያው ላይ ሰው ተሰብስቧል። የእድሩ ጎልማሶች ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ጉድጓዷን አግኝተው፣ በውሻና በዶማ አውጥተው ገድለዋት ነበር። አስፋልቱ ዳር አጋድመዋታል። ጆሮዋ ጭቃው ላይ ተነጥፎ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያን ቀን ነው።

አንድ ባጃጅ ነጂ አይቶኝ ቀረበ። "እትዬ፣ ደምዎን መለስንልዎ" አለኝ።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩት።

ወዲያው ጋሽ አደሎ መጡ። ሰዉ የሚቆጡ መስሎት ነበር። ዕድሜያቸውን ሁሉ ስለ እሷ ሲከራከሩ የሚያውቃቸው ሰው ነው። እሳቸው ግን ከኪሳቸው ሜትር አውጥተው ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ለኩ፣ ጻፉ። በሁለት ጣት ከንፈሯን ገልጠው ጥርሷን አዩ። ጥርሷን ለማንም አላሳዩም። የአህያ ጋሪ አስመጥተው ጭነው ወሰዷት። የት እንደቀበሯት አልጠየቅኩም።

በአራተኛው ቀን ፎርም ይዘው ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀመጡ። ስለ አዋልዲጌሳዋ አሟሟት ሪፖርት ነበር። ቦታውን፣ ርዝመቷን፣ ጾታዋን አስጻፉኝ። ምክንያት የሚለው ዓምድ ላይ ደረስን።

"ምን ልጻፍ?" አልኳቸው።

"እርስዎ ምን ይላሉ?"

እጄ ከመጻፊያው ላይ አልተነሣም። "አላየሁም ልበል?" አልኩ።

ጫማዬን ሳይሆን እኔን አዩ። "እሱን አይጻፉ" አሉ። "አይተናል።"

ዓምዱ ባዶውን ቀረ። ወረቀቱን አጥፈው ይዘው ወጡ። ያኔ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ይናገሩ ነበር ብዬ አስባለሁ። የደበቁት የእኔን ነገር ነው፤ እኔ ሳልፈቅድ አይገልጡትም። ያን ቃል ሲጠብቁ ኖሩ። እኔም በየሳምንቱ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እነግራቸዋለሁ እያልኩ ቆየሁ።

በሦስተኛው ወር ሌላ መቃብር ተከፈተ። ታች ሰፈር ሻይ ቤት ያላት ሴት የእናቷን ነው ያገኘችው፤ ይህኛው የሚሸፈን አልነበረም። ጋሽ አደሎ ሳይጠሩ ሄዱ። ጅብ ነው አሉ፣ ጮክ ብለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ኮቴውን አሳዩ፣ ሁለት ጣታቸውን አወጡ። የሰማቸው አልነበረም።

"ያኔ አዋልዲጌሳ ናት ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አሉ አቶ ታፈሰ። "አንዷን ብንገድል ሌላዋ መጣች።"

የዚህ መልስ እኔ ዘንድ ነበር። እዚያ አልነበርኩም፣ በኋላ ነው የሰማሁት፤ ብኖርም ኖሮ የምናገር አይመስለኝም። በዚያ ሳምንት በባሕር ዛፉ ዙሪያ ያለ ጉድጓድ ሁሉ በድንጋይና በጭስ ተደፈነ። ጃርቶችም ውስጥ ቀሩ። ጅቡ ግን የሚኖረው እዚያ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ አደሎ መቀመጥ አቃታቸው። ስብሰባ መሐል ይነሣሉ፣ መስኮት ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። የጀመሩትን አረፍተ ነገር ሳይጨርሱ የሚያቆሙበት ጊዜ መጣ። ሥልጠና መስጠት ተዉ፤ ሰንጠረዡን ዳግመኛ አላስጻፉኝም። ጡረታ ሲወጡ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሽኝት አዘጋጅቶ ነበር፣ ኬክ ሳይቆረስ ሄዱ።

ከጡረታ በኋላ ድንጋይ መሸከም ጀመሩ። በየማለዳው ወንዝ ወርደው አንድ ድንጋይ በማዳበሪያ ጆንያ ይዘው ይወጣሉ፤ በትከሻቸው፣ ያንን ዳገት። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ግድግዳው ሥር ያስቀምጡታል። አዲስ መቃብር ካለ ከዚያ እየተነሣ ይጫናል። አንድ ቀንም ድንጋይ የለም ተብሎ እሾህ የተደረገበት መቃብር ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ሰዉ ስለት ነው አለ። አንዳንዱ ደግሞ ጡረታ አእምሮአቸውን ነካው አለ። ልጃቸው ምሕረት ጅማ ነው የምትሠራው፤ በመጣች ቁጥር እንዲተዉ ትለምናቸው ነበር፤ እሺ ብለው በማግስቱ ይሄዳሉ።

ቤቴ በመንገዳቸው ላይ ነው። በር ላይ ስንገናኝ ጆንያውን ሳያወርዱ ይቆማሉ፣ ጫማዬን ያዩና ደህና ነዎት ይላሉ። ደህና ነኝ እላለሁ። ትንሽ ይቆያሉ፤ ከደህና ነኝ የሚቀጥል ነገር እንዳለ። ከዚያ ይሄዳሉ። ይህ ለዓመታት የቀጠለ ነው። አንዳንድ ጠዋት ድምፃቸውን ስሰማ ከበሩ ወደ ውስጥ ገብቼ እስኪያልፉ ቆሜ አውቃለሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከመሞታቸው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ድንጋዩ ትንሽ ነበር፣ በአንድ እጅ የሚያዝ። እስከ መቼ ነው ጋሽ አደሎ አልኳቸው።

"አፈሩ እስኪረጋ" አሉ።

"ይኼን ያህል ዓመት ቆይቶ አፈር አይረጋም?"

"አንዳንዱ አይረጋም" ብለው ዳገቱን ቀጠሉ። ሁለት ጊዜ ቆመው ሲያርፉ ከደጄ አየኋቸው። ልጠራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ወደ ቀኝ ታጠፉ፣ ተሰወሩ።

በቀብራቸው ቀን ፍትሐቱ አልቆ ሳጥኑ ወረደ። አፈር ተመለሰ። ከግድግዳው ሥር የራሳቸው ድንጋይ ተነሥቶ እየተቀባበሉ መጫን ጀመሩ። አቶ ታፈሰ ከጽዱ ሥር ወጥተው አጠገቡ ቆሙ። አብዙት፣ እዚያ ጥግ ላይ ጨምሩ እያሉ ያዙ ነበር። ጋሽ አደሎን ይወዷቸው ነበር፣ ያን አልጠራጠርም። ድምፃቸውም የተሰበረ ነበር።

"አብዙት ልጆች" አሉ። "ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሟገቱላት አዋልዲጌሳ ለምስጋና ብላ እንዳትመጣባቸው።"

ጥቂት ሰዎች ፈገግ አሉ። ምሕረት ቀና አለች።

"አባቴ አትበላም ይል ነበር" አለች። ድምፅዋ ከልቅሶው የተነሣ በደንብ አይሰማም። "እስኪሞት እንደዚያ እንዳለ ነው።"

"ልጄ፣ ሲከራከሩ ነው እንጂ" አሉ አቶ ታፈሰ፣ በርኅራኄ። "ያኔ እሷ ናት ብለው ያረጋገጡልን ራሳቸው አባትሽ ናቸው። እዚሁ ቆመው። እትዬ አስካለ ምስክር ናቸው።"

ፊቶች ሁሉ ወደ ኋላ ዞሩ። ድንጋይ የያዘው ሰው ድንጋዩን እንደያዘ ቆመ። የምሕረት ዓይን እንደ አባቷ መጀመሪያ ጫማዬ ላይ ነበር ያረፈው፤ ምናልባት መስሎኝ ይሆናል። መንገድ ለቀቁልኝ። ሃያ እርምጃ ነው ብያለሁ፤ ረጅም ነበር። መቃብሩ አጠገብ ስደርስ የተናገርኩት ለአቶ ታፈሰ ሳይሆን ለእሷ ነው።

"የቆፈረችው አዋልዲጌሳ ናት" አልኩ። "የገባው ጅብ ነው። ባለቤቴን የነካው ጅብ ነው። ኮቴውን አይቻለሁ፣ ሰው እንዳያየው ረግጬው ቆሜአለሁ። አባትሽም አይተዋል። ለእኔ ብለው ነው ዝም ያሉት።"

ነጠላዬን አስተካከልኩ። በቄሶቹና በመሥሪያ ቤታችን ልጆች መካከል አልፌ ወደ በሩ ሄድኩ። በር ላይ ባጃጅ ቆሞ ነበር፤ ነጂው ይግቡ ብሎ በሩን ከፈተልኝ። አልገባሁም። በእግሬ ወረድኩ።